ፎርሴክ፣ ፎርሱክ፣ ፎርሴክን

በእንግሊዝኛ «ፎርሴክ» የሚባል ግስ አለ። ጥሎ መሄድ ማለት ነው። ያለፈው «ፎርሱክ»፣ ሦስተኛው «ፎርሴክን»። ዛሬ የቋንቋው ባለቤቶችም ብዙ አይናገሩትም፤ መጽሐፍ ውስጥ ነው የሚገኘው። እኔ ግን ቆላ ውስጥ ባለችው ሸሕዲ ከተማ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ሰሌዳ ላይ ሳልጽፈው ያለፈ ዓመት የለም።

ያስተማረኝ ሰሊጥ አጫጅ ነው። ከጎጃም እየመጣ ኮኪት አጠገብ ባለው የአባቴ ማሳ ሦስት አዝመራ ሠርቷል። መምህራን ኮሌጅ ገብቶ ያቋረጠ ሰው ነበር። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ሆኜ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንግሊዝኛ ላይ ወድቄ ቤት ተቀምጫለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ታጭዶና ታስሮ እንዲደርቅ ከቆመው ሰሊጥ ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ ጥቁሩ አፈር ላይ በጣቱ እየጻፈ ያስጠናኛል።

«ጃንጥላ ረስተሽ ብትሄጂ ፎርሴክ አይባልም» አለኝ። «ይኸ ቃል ለዕቃ አይደለም። አንቺን ብሎ የቆመን ሰው ጥለሽ ስትሄጂ ነው።»

ሳቅሁበት። እኔ ማንን ልጥል!

በእኛ አገር ለከርሞ የሚመለስ ሠራተኛ ማጭዱን አሠሪው ቤት ትቶ ይሄዳል። ማጭዱ የቤቱ ሣር ክዳን ውስጥ ይሰካል፤ ያየ ሁሉ ሰውየው እንደሚመጣ ያውቃል። እሱም ሁለት ዓመት እንደዚያው አደረገ። በሦስተኛው ግን ማጭዱን ለእኔ ሰጠኝ።

«ቅዳሜ ጧት ሸሕዲ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ። ይዘሽልኝ ነይ፤ እናቴ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ከቀረሽ ያንቺው ይሁን፤ እኔ ሁለተኛ በዚህ አልመጣም።»

ቅዳሜ ልብሴን በፌስታል ጠቅልዬ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። ወደ ሸሕዲ የሚሄደው ሚኒባስ ጡሩምባ ሲጮህ ሰማሁ። አባቴ አልታመመም፤ እናቴ አልከለከለችኝም። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። የማላውቀውን ደጋ፣ የማላውቃትን እናቱን ፈራሁ። ሚኒባሱ ሄደ። ማጭዱን የት እንደማደርገው ቢጠፋኝ እንደ ወጉ ክዳኑ ውስጥ ሰካሁት።

በቀጣዩ አዝመራ ጎረቤቱ ሁሉ ማጭዱን እያየ «ይመጣል» አለ። አልመጣም። መዋደዳችን የታወቀ ስለነበር፣ ማጭዱን ትቶ እኔን የከዳ ተባለ። እናቴ ጥቅምት በገባ ቁጥር ቀና ብላ ማጭዱን ታይና ሰውየውን ትረግመዋለች። እኔ ዝም። እውነቱን ለመናገር ዝምታው ተመችቶኝ ነበር፤ ተከድታ ለቀረች ሴት ይታዘንላታል።

እሱ ባስጠናኝ ፈተናውን አልፌ መምህር ሆንኩ። ዛሬም ሠራተኛ የጫነ መኪና ሸሕዲ ሲገባ ከክፍል ወጥቼ የእያንዳንዱን ፊት እያየሁ እፈልገዋለሁ። የጎጃም ሰው አነጋገር በሰማሁ ቁጥር ዞር ብዬ አያለሁ። ይናፍቀኛል። አፈር የያዘው ጣቱ ሳይቀር ይናፍቀኛል።

ዘንድሮ ግሱን ስጽፍ አንዲት ተማሪ ምሳሌ ጠየቀችኝ። ሁልጊዜ የምሰጠው «ሰውየው ሴቲቱን ጥሏት ሄደ» የሚል ነበር። ጻፍኩት። አየሁትና አፈርኩ። አጠፋሁትና በእንግሊዝኛ «እኔ ጣልኩት» ብዬ ጻፍኩ። ተማሪዎቹ ምንም ሳይመስላቸው ገለበጡት።

ቅዳሜ ኮኪት ሄድኩ። እናቴ ደጅ ተቀምጣ ሰሊጥ ታበጥራለች። ማጭዱን ከክዳኑ መዝዤ አወጣሁት።

«መጣ እንዴ ያ ከሃዲ?» አለች።

«አልመጣም፣ እማ። እሱማ ሸሕዲ ቆሞ ሲጠብቀኝ ነበር። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። «ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ስረግም ዝም ብለሽ ታይኛለሽ?»

ማጭዱን ከእጄ ተቀብላ ዝገቱን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርግ ጀመር። ከዚያ ቀና አለች።

«ተነሽ እንግዲያ፣ ውሰጅለት። አገሩ የት ነው?»

ጎጃም ከማለት ሌላ አላውቅም። ሦስት አዝመራ ሙሉ ሲያስተምረኝ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።