በቴሌቪዥን የታመምኩት ኪንታሮት

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ዛሬም እዚህ አሜሪካ፣ ቡርንስቪል አካባቢ ያለ ሐበሻ ሲያገኘኝ ከሰላምታ በፊት "አሁንስ ተሻለህ?" ስለሚለኝ ልርሳው ብል እንኳ አልችልም።

አዲስ አበባ የተማርኩት ቴአትር ነው። እዚህ ግን እንጀራዬ በሽተኞችን በቫን ወደ ክሊኒክ ማመላለስ ነው። በዚያ ሰመር፣ በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ተውኔት የሚያሳይ አንድ ትንሽ የበጋ ቴአትር ቡድን ዘንድ ኦዲሽን አደረግሁና አለፍኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የተሰጠኝ ሚና ግን የፈረስ ነበር። እሱም ሙሉ ፈረስ አይደለም፤ የኋላው ግማሽ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፈረሱ ቁጭ የሚልበት ትዕይንት ላይ ደረስን። ለካ መድረኩን የሠሩት ሰዎች ሚስማር ረስተው ኖሯል። ስቀመጥበት እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም። የፊተኛውን ግማሽ፣ ጡረታ የወጡ አንድ አስተማሪ ነበሩ፣ እየገፋሁ ከመድረክ ይዣቸው ወረድኩ። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ።

ሲያልቅ አንዲት ሴት ከመጋረጃ ጀርባ መጥታ "የፈረሱ መቀመጫ ማን ነበር?" አለች። እጄን አወጣሁ። ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ ተዋናይ የምትመርጥ ሴት ናት። "እንዲህ ያለ ከልብ የመነጨ ሥቃይ አይቼ አላውቅም" አለችኝ።

በሳምንቱ የኪንታሮት ቅባት ማስታወቂያ ሠራሁ። ወንበር ላይ ልቀመጥ ስል ፊቴን አጨማድዳለሁ፤ ቀጥሎ ዘና ብዬ ተቀምጬ ፈገግ እላለሁ። በቃ። ለባለቤቴ "ቲቪ ላይ ልወጣ ነው" አልኳት እንጂ በምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ማስታወቂያው ከማታው ዜና በፊት መታየት ጀመረ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሴቶቹ ከንፈር መጠጡልኝ። አንዲት እናት በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ሰጡኝ። "ኧረ ትወና ነው!" ባልኩ ቁጥር "አይዞህ፣ በሽታ አይታፈርበትም" ይሉኛል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ደግሞ "ዳድ፣ ፕሊስ፣ ዶንት ካም ቱ ማይ ስኩል" አለችኝ። እሷ ትምህርት ቤቴ አትምጣ ስትለኝ ግን ከፋኝ። ትወናን እርግፍ አድርጌ ለመተው ወሰንኩ።

በዚያው ሳምንት ጋሽ መኮንን ደወሉልኝ። ጋሽ መኮንን ሪችፊልድ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ የነዱ፣ ሐኪም ቤት ደጅ ረግጠው የማያውቁ ኩሩ ሰው ናቸው። አንድ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ተገናኘን። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እኔም አለብኝ። ደም አያለሁ። ለልጆቼም አልተናገርኩ። አንተ በመላው አሜሪካ ፊት ካላፈርክ እኔ ላንተ መንገር ምን ያሳፍረኛል ብዬ ነው።"

"ትወና ነው" ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዋጥኩት።

"እኔም ሐኪም አይቶኝ ነው የዳንኩት ጋሼ። ነገ ጠዋት መጥቼ እወስድዎታለሁ" አልኳቸው።

ኪንታሮት አልነበረም። አንጀታቸው ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሙ "ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ አናተርፋቸውም ነበር" አለን። ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ዳኑ።

ትወናውንም አልተውኩም። ከዚያ ወዲህ በሁለት የቲቪ ድራማ ላይ ታይቻለሁ፤ በአንዱ ዳኛ ሆኜ አራት ዓረፍተ ነገር ተናግሬአለሁ። አንድም ሐበሻ አላየልኝም።

ባለፈው ወር አንድ ሰርግ ላይ ጋሽ መኮንን በሰው ሁሉ ፊት ጭምቅ አድርገው አቀፉኝና "ይኼ ልጅ እኮ ከኔ የባሰ ነበር! ዛሬ እንዴት እንደሚቀመጥ እዩት!" አሉ። ጠረጴዛው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ምን ላድርግ? ብድግ አልኩና፣ ቀስ ብዬ፣ ፊቴን ሳላጨማድድ ተቀመጥኩላቸው።

አጨበጨቡልኝ። ሙያዬን አክብሬ ነው የተቀበልኩት።