«አያመኝም» ነበር ያለችው

ይህን ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ሃያ ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ውጬዋለሁ።

ክልላችን ገና አዲስ ሳለ አሶሳ ውስጥ አንድ ጤና ተቋም ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። ሐኪሙ ከመሀል አገር የመጣ ነው፤ ከገጠር የሚመጡት ሕመምተኞች ደግሞ ብዙዎቹ ከበርታኛ ሌላ አይናገሩም። አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። አቤት ኩራቴ! የተባልኩትን ብቻ ብናገር ምን ነበረበት? እኔ ግን ቅመም እጨምር ነበር። «ትንሽ ይቆረጥመኛል» ያለውን ሰው «ሲጮህ ነው ያደረው» እልለታለሁ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሕመሙን ያላከበደ «ሌላ ቀን ና» ይባላል። ሰዉም «ይሄ ልጅ ይናገርልናል» እያለ ያመሰግነኛል፣ እኔም ደረቴን እነፋለሁ።

አንድ ቀን የእናቴ ታናሽ እህት ሐሊማ ከባሏ ጋር ከሆሞሻ መጣች። ከጆሮዋ ሥር የለውዝ ፍሬ የምታህል ጠጠር ያለች እብጠት ወጥታባታለች። ሐኪሙ «ያማታል?» አለኝ። ጠየቅኳት።

«አያመኝም። ዝም ብሎ እያደገ ነው» አለችኝ።

እኔስ ምን አልኩ? «በጣም ያማታል፣ እንቅልፍ አጥታለች» አልኩ። አክስቴ እንዳትጉላላ ብዬ፤ ደግሞም ባሏ ፊት ትልቅ ሰው መስዬ ልታይ ብዬ። ሐኪሙ «ስጫናት ግን ምንም አላለች» ሲለኝ እንኳ አላፈርኩም። «የእኛ ሴቶች ቻይ ናቸው» አልኩት። ምነው ያን ቀን ምላሴ በተሳሰረ! ኢንፌክሽን ነው ብሎ መርፌና ክኒን አዘዘላት።

መድኃኒቱ ይሠራል እያለች ወራት ጠበቀች። አፏ ወደ አንድ ጎን ሲጣመምና ዓይኗ አልከደን ሲላት ጎረቤት ምች ነው አለ። ተመልሳ ስትመጣ ሌላ ሐኪም ነበር። በእነዚያ ወራት ከገበያ በለቃቀመቻት ስብርባሪ አማርኛ ራሷ ነገረችው፤ «እኔ በፊትም አላመመኝ። እሱ ዝም ብሎ አደገ።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «የምራቅ ዕጢ ካንሰር ይመስለኛል። ሳያም የሚያድግ እብጠት ነው የሚያሰጋው። ትንሽ ሳለ፣ የፊቷን ነርቭ ሳይነካ ተቆርጦ ቢወጣ ተስፋዋ ብዙ ነበር። አሁንም አዲስ አበባ ትሂድ። ተርጉምላት» አለኝ።

አልተረጎምኩም። ስጨምር የኖርኩት ሰውዬ ያን ዕለት ቀነስኩ። «አዲስ አበባ ሂጂ ብሎሻል» አልኳት፣ በቃ። እዚያ ስትደርስ ዘግይታለች ተባለ። ቀበርናት።

መንገዱ ሩቅ ነበር፣ ሐኪሙም ራሱ ማወቅ ነበረበት ልበላችሁ? አልልም። እሷ አያመኝም አለች፤ ያማታል ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ!

ባሏ ዛሬ አሶሳ ነው የሚኖሩት። በየዒዱ ሥጋ ይልኩልኛል። «አንተ ባትኖር ማን ይናገርላት ነበር?» እያሉ ይመርቁኛል። አሚን እላለሁ። ሥጋውንም እበላለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው በእናንተ እጅ አይደለም። ይህን መናገሬም ድፍረት እንዳይመስላችሁ። የእሳቸው ቤት ከቤቴ ሁለት አጥር ማዶ ነው፤ አሁንም ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸውን ፈርቼ ነው እናንተ ጋ የመጣሁት።