ሦስተኛ ማርሽ

የሺ ሞያሌ ላይ፣ በኬንያው በኩል፣ ለሹፌሮች ምሳ የምታቀርብ ትንሽ ሆቴል አላት። ልጇ ኪሩ የሰው መኪና እየነዳ ነው ያደገው። ከሰው እጅ ይውጣ ብላ ያገለገለች የናፍጣ ፎርዊል ገዛችለት። የመኪናዋ አካል ደኅና ነው፤ ሞተሯና ካምቢዮዋ ግን አልቆላቸዋል። ኪሩ ከከተማውና ከቡቲዬ መንደር ሕመምተኛ እየጫነ ሶሎሎ ሆስፒታል ሊያመላልስባት አስቧል። አስፋልቱ ወደ ማርሳቢት ቢወርድም የሶሎሎ ኮረኮንች መንገድ እንደ ድሮው ነበር።

የሶሎሎ መንገድ ለየሺ እንደ ሌላው መንገድ አይደለም። ባሏ ባምላክ በዚያ ሄዶ ቀርቷል። ኪሩ ያኔ የወተት ጥርሱን ይነቅል ነበር። ከኮረብታው ቁልቁል ያለውን ደረቅ ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውሃ ወሰደው አሉ፤ ያየ ግን የለም። እሱም መኪናውም አልተገኙም። ሬሳ ስለሌለ ኮቱን አልጋ ላይ ዘርግተው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ የሺ ከአምላኳ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ የሄደበትን መንገድ ይመለስበት።

የገልገሎ ጋራዥ ወደ ቡቲዬ መውጫ ላይ ነው። ገልገሎ ቦረና ነው፤ አማርኛውን ከሹፌሮች አፍ ለቃቅሞ ነው የተማረው። ሁለት ሞተር ከነካምቢዮአቸው በእንጨት ርብራብ ላይ አስቀምጦ ጠበቃቸው።

«ካሪቡ፣ ግቢ፣ ማማ ኪሩ! ይኸኛው ከናይሮቢ ነው። ቱርቦ አለው፣ ጉልበቱ የኮርማ። ካምቢዮው አውቶማቲክ፤ እግርሽን መጫን ብቻ ነው። ግን የሚታዘዘው ለኮምፒዩተር ነው። በረሃ ላይ ቢታመም ቋንቋውን የሚያውቅለት የለም። ባትሪው ከሞተ ደግሞ ሰፈር ሙሉ ቢገፋው አይነሳም።»

«ያኛውስ?» አለ ኪሩ።

«እሱ ሽማግሌ ነው። ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒዩተር የለው። ዳገት ላይ አህያ ነው። ግን የተገኘውን ናፍጣ ይጠጣል፣ ማንም ፉንዲ፣ ማንም የመንደር መካኒክ ፈትቶ ይገጥመዋል። ካምቢዮው ማኑዋል ነው። ባትሪ ቢሞት ተገፍቶ፣ ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ ይነሳል።»

«እማ፣ ለዚያ መንገድ ማኑዋሉ ነው። ክርክር የለውም።»

«ወይ ጉድ!» ገልገሎ ሳቀ። «እኔ እኮ ወጣት ነው፣ ቱርቦ ቱርቦ ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።»

የየሺም ልብ ወደ ማኑዋሉ ነበር፤ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። «ከየት የመጣ ነው?» ስትል ግን የገልገሎ ሳቅ ተቋረጠ።

«ግመል የሚነዱ ሰዎች ናቸው የሸጡልኝ። ዝናቡ የወንዝ ደለል ሲጠርግ ወጣ አሉ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትሳቂብኝ። ከደለል የወጣ ካምቢዮ ዘይቱ ጭቃ ነው። የዚህን የታች ቡሎን ስፈታው እንደ ማር ጠርቶ ወረደ። ሙቅ ነበር።»

«ፀሐይ መትቶት ነዋ» አለ ኪሩ።

«ጥላ ውስጥ ነው ያሳደርኩት።»

ገልገሎ ገዢው በራሱ ጆሮ ሳይሰማ ሞተር አይሸጥም። ረጅም ካቻቢቴ ሰጣት፤ ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አስደገፋት። የናይሮቢው እንደ ልብስ ስፌት መኪና አንድ ዓይነት ድምፅ አሰማ። ሽማግሌው ደግሞ ገና ሽቦው ባትሪውን ሲነካ ተነሳ፤ ሲጠብቃቸው የቆየ ይመስል ነበር።

ኪሩ የፍሪሲዮኑን ክንድ በብረት ያዘ፣ ገልገሎ ማርሽ አስገባ። አንደኛ። ሁለተኛ። ሦስተኛው ሲገባ ካምቢዮው ማፏጨት ጀመረ፤ ቀጭን፣ ሰው በጥርሱ መሃል እንደሚያፏጨው ዓይነት። ወዲያው ማርሹን ኳ አድርጎ ተፋው። ገልገሎ ተራግሞ መለሰው። ደግሞ ተፋው።

የሺ ሳታስበው ካቻቢቴውን ጥላ የማርሹን ዘንግ በቀኝ እጇ ጨበጠች።

የባምላክ መኪና ቁልቁለት ላይ ሦስተኛ ማርሽ ይተፋ ነበር። የኬንያ መኪና መሪው በቀኝ ነውና እሷ በግራው ተቀምጣ ዘንጉን ትይዝለት ነበር። እሷ በሌለችበት ቀን እንዲያስረው ከአሮጌ ሰንደል ጫማ ጠፍር ቆርጣ ሰፍታለት ነበር። ጠፍሩ ብዙ ጊዜ ከመታሰሩ የተነሳ ከእጀታው ሥር ብረቱን እንደ ቀለበት በልቶት ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ዘይቱን ጠረገችው። ቀለበቱ እዚያው ነው። አውራ ጣቷ ገባበት።

ገልገሎ ናፍጣውን ዘጋ፤ ሞተሩ ጠፋ። ዘንጉ ግን በእጇ ውስጥ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ግመል ነጂዎቹ ሌላ ነገር አላገኙም?» አለች የሺ።

«ብረት ብቻ ነው አሉ።»

እጇን አነሳች። «አውቶማቲኩ ይሁን።»

«እማ! ምን ነካሽ? አሁን ተስማምተን?»

«ማማ ኪሩ፣ እኔ ሻጩ እንኳ ማኑዋሉን ውሰጂ እያልኩሽ ነው» አለ ገልገሎ። «ልጄ ይመለስልኝ አይደል ጸሎትሽ? ይኸው፣ ከደለል ሥር ተነስቶ የተመለሰ ዕቃ!»

«እሱማ ተመለሰ» አለች የሺ። «ሰውየውን ግን አላመጣም።»

ገልገሎ ዘይት የነካውን መዳፏን አየ። «ፖሌ፣ አይዞሽ» አለ ቀስ ብሎ፣ ሽማግሌውን ሞተርም በሸራ ሸፈነው። ኪሩ ግራ ገባው። እሷም አልነገረችውም፤ ብትነግረው አባቱን ፍለጋ አካፋ ይዞ ደለል ሲቆፍር ሊከርም ነው።

አውቶማቲኩ ተገጠመ። ኪሩ የመጀመሪያዎቹን ሕመምተኞች ጭኖ ሲሄድ የሺ ወጥ አሳረረች፣ የሰው ምሳ አቀያየረች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰ። ትከሻውን ዳሰሰችው፤ ኪሩ ነው፣ ደኅና ነው።

«መኪናዋ ግሩም ናት» አለ እየበላ። «አንድ ነገር ብቻ። ከኮረብታው ወርጄ ወንዙ ጋ ልደርስ ስል ማርሹ ራሱ ኳ ብሎ ወጣ። መለስኩት፤ ደግሞ ወጣ። እስክሻገር በእጄ ይዤ ወረድኩ። ደግሞ ያፏጫል።»

«ምኑ?»

«እንጃ። መስኮቱ ይሆናል።»

በዚያው ዕለት ጨርሶ ሳይጨልም መኪናዋን ወደ ገልገሎ ወሰዷት። ፈትሾ ፈትሾ ምንም አጣ። «አውቶማቲክ ማርሽ አይተፋም» አለ፣ የሺን ሳያያት። ከዚያ ሄዶ ሸራውን ገለጥ አደረገና መዳፉን በአሮጌው ካምቢዮ ላይ አሳረፈ። እሳት ላይ ያለ ድስት እንደነካ ሰው እጁን ሰበሰበ፤ መልሶ ሸፈነው። የሺ አየችው።

ለነገ ከቡቲዬ የመውለጃ ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር አለች፤ አትሂድ አይባልም። የሺ ቤት ስትገባ ከአልጋ ሥር አሮጌ ሰንደል ጫማ አወጣች፣ ጠፍሩን ቆረጠች፣ በድርብ ክር ትሰፋው ጀመር።

«እማ» ኪሩ ሳቀባት፣ «ለአውቶማቲክ ጠፍር? ገልገሎ ቢያይሽ ጋራዡን ዘግቶ ይስቃል።»

«አይስቅም» አለች፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ። «የፊቱን ወንበር በግራ በኩል ባዶ ተውልኝ። ነገ አብሬህ እሄዳለሁ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ዘንጉን ልይዝልህ። እጄ ያውቀዋል።»