ሰልሚያ ስፌቷን ጨርሳለች

ቡታጅራ ላይ፣ ከገበያው ወደ መስጊዱ በሚወስደው መንገድ፣ ቆርቆሮው ወደ ውጭ የተዘረጋ አንድ በረንዳ አለ። በግራ በኩል እኔ ጫማ እሰፋለሁ፤ በቀኝ በኩል አብዱልሃፊዝ ልብስ ይሰፋል። መሐላችን አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት፣ ደንበኛ ሲጠፋ ደግሞ ድመት የምትተኛበት። ስሜ ባልቻ ነው። ስለ ራሴ ይህን ያህል ይበቃል፤ ላወራ የተነሳሁት ስለ እሱ ነውና።

አብዱልሃፊዝ ሲሰፋ እዚህ የለም። እጁ ጨርቁን ይገፋል፣ እግሩ መርገጫውን ይመታል፣ እሱ ግን ሄዷል። ከዘቢዳር ተራራ ጉም በወረደ ማለዳማ ይብስበታል። ጉሙ መንገዱን ይሸፍነዋል፣ ማዶ ያለው ሱቅ ይጠፋል፣ የጋሪ ፈረስ ኮቴው ብቻ እየተሰማ ያልፋል፤ ያን ጊዜ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀስ ብሎ የሚዘንብ ዝናብ ይመስልና እኔንም እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። በአንዱ እንዲህ ባለ ማለዳ የአንድ መምህር ኮት እጅጌውን አፉን ዘግቶ ሰፋው። መምህሩ ሊለካው እጁን ቢሰድ መውጫ አጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍራል። እሱ እጅጌውን ትኩር ብሎ አየና፣ ስፌቱ ግን አይታይም አለ። ደስ ብሎት ነው እኮ የሚለው።

የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ለእሱ ስፌት ማለት መደበቅ ያለበት ነገር ነው፤ ጥሩ ስፌት ሁለቱን ጨርቅ አንድ አድርጎ ራሱ ይጠፋል ይላል። ለእኔ ስፌት የማይበጠስ ነው፤ ታየ አልታየ ጭቃው ምን ገዶት። ሲባጎዬን ሰም አስልሼ፣ ቆዳውን በወስፌ በስቼ፣ ሲያስፈልግም በጥርሴ ስቤ ነው የማጠብቀው። በዚህ ነገር ስንት ዘመን ተጨቃጨቅን። አንድ ቃል ይዘን ስለ ሁለት ነገር እንደምናወራ የገባን ሰልሚያ ስትመጣ ነው።

ሌላም ነገር ያናድደኝ ነበር። ከጀርባው ግድግዳ ላይ ሰፍቶ የጨረሳቸው፣ ባለቤቶቻቸው ግን ያልወሰዷቸው ልብሶች ተሰቅለዋል። ሌላው ልብስ ሰፊ ጥቂት ወር ይጠብቅና ይሸጣቸዋል። እሱ አይሸጥም። ባለቤቱ አዲስ አበባ ገብቶ የቀረ አንድ ቡናማ ሱሪ አለ፤ ዛሬም አቧራው ይራገፍለታል። ሰውዬው ቢመጣስ ይለኛል። ሰውዬው ቢመጣም ወፍሯልና አይገባውም እለዋለሁ። አይሰማኝም።

ሰልሚያ የመጣችው በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ያኔ ሞባይል የአዲስ አበባ ሰው ወሬ ነበር፤ የእኛን ቃል የሚያመላልስልን ባለጋሪው ጋሽ ሸምሶ ነው። ከመስቃን ገጠር በርበሬና ሰው ጭኖ ይመጣል። ሲመለስ አብዱልሃፊዝ፣ ለእነ እገሌ ስፌታችሁ አልቋል በልልኝ ይለዋል፤ ሸምሶም ከጋሪው ሳይወርድ በየደጁ እየተጣራ ያደርሳል። በአንድ የገበያ ቀን ታዲያ ከዚያ ጋሪ ላይ የሸምሶ እህት ልጅ ሰልሚያ ሌማትና ሙዳይ ታቅፋ ወረደች። ድመቷን ማንንም ሳትጠይቅ ከወንበሩ አስነሳች፣ ዕቃዋን ደረደረች፣ የስፌት መኪናውን ረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ከዚያ አብዱልሃፊዝን በዚህ መስፋት ታስተምረኛለህ ወይ አለችው።

«ስፌት ትችያለሽ?» አላት።

«ይኸው» ብላ አንዱን ሌማት ሰጠችው።

«ይሄማ ሌማት ነው። እኔ ስፌት ነው ያልኩሽ።»

«እሱኑ እኮ ነው የሰጠሁህ።»

ሌማቱን አገላበጠው። ጨርቁን የፈለገ መሰለኝ። የእሱ ስፌት ጨርቅን ከጨርቅ ያገናኛል፣ የእኔም ሶሉን ከቆዳው ያገናኛል። የእሷ ግን የሚያገናኘው ሌላ ነገር የለውም፤ ከመሐል ከአንዲት ነጥብ ተነስቶ በራሱ ዙሪያ ሲዞር ሲዞር ዕቃ ይሆናል። ስፌቱን ብታወጣው የሚቀር ነገር የለም። ቀዩና አረንጓዴው አለላ ከመሐል ወደ ዳር ሲሄድ የአብዱልሃፊዝ ዓይን አብሮት ዞረ። ደንበኛ መጥቶ ብጠራው አልሰማኝም። እሷ ደግሞ የእኔን ወስፌ አንስታ አየችና፣ ይሄ የእኔ ቤት ዕቃ ነው ብላ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ዕቃዋን ሸጣ ስትጨርስ መኪናው ላይ ትቀመጥ ነበር። መጀመሪያ የሰፋችው መስመር ሰካራም የሄደበት መንገድ ይመስላል። አብዱልሃፊዝ ያችን ቁራጭ ጨርቅ አልጣላትም፤ ከቡናማው ሱሪ አጠገብ ሰቀላት። ሲያስተምራት ብዙ አይናገርም። ክሩ ሲበጠስባት መርፌው ላይ ይሰካላታል፣ መዘውሩ ሲፈጥንባት በመዳፉ ያቆምላታል። እሷ ስትሄድ ደግሞ የተነሳችበትን ወንበር ሳይነካው ቆሞ ይሰፋል። ሰው እንዴት ቆሞ መርገጫ ይመታል? እሱ ይመታል። ወደዳት እንግዲህ፤ ይህን ለማወቅ አዋቂ ቤት መሄድ አያስፈልግም። እንዳይነግራት ግን አፉ ተለጉሟል።

አንድ ቀን የተሰቀሉትን ልብሶች አይታ፣ ለምን አትሸጣቸውም ብላ ጠየቀችው። የመለሰላትን እኔም ሰምቻለሁ።

«ስፌቱ ያለቀ ልብስ ባለቤት አለው» አላት። «ዘገየ እንጂ።»

አለላ የነከረችበት ጣቷ ቀይ ነበር፤ እሱን እያሻሸች ብዙ ቆየች።

ክረምቱ ሲገባ ሰልሚያ ቀረች። አንድ ገበያ፣ ሁለት ገበያ አለፈ። በሚቀጥለው ጉም ነበር። ጋሽ ሸምሶ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለና ፈረሱን በረንዳው አጠገብ አቆመ።

«ሰልሚያ ስፌቷን ጨርሳለች ብላሃለች» አለው።

አብዱልሃፊዝ ቀና ሳይል አልሐምዱሊላህ አለ። መኪናውን ቀጠለ። ሸምሶ ልጓሙን እንደያዘ ትንሽ ቆመ፤ ዝናቡን የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጋሪውን አዞረና ጉሙ ዋጠው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አብዱልሃፊዝ ዘንድ ተምረው የሄዱ ልጆች ብዙ ናቸው። እገሌ ስፌት ጨረሰ ካለ፣ ሙያውን ያዘ፣ ከእንግዲህ እዚህ አይመጣም ማለቱ ነው። የሰልሚያንም ቃል እንደዚያው ሰማው። ተማረች፣ በቃት፣ ሄደች። እኔም እንደዚያው ሰማሁት። ደህና ሁን ለማለት እንኳን በጋሪ በመላኳ፣ እውነቱን ለመናገር ተቀየምኳት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንደ አንድ ረጅም ማለዳ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፣ መኪናው ይመታል፣ ሁለቱን መለየት ያቅታል። አብዱልሃፊዝ ልብሱን ይሰፋና ከየት እንደጀመረ ይረሳል። ደንበኛ ሲመጣ ስሙን በሌላ ስም ይጠራዋል። አንዳንዴ ክር ያላስገባበትን መርፌ ሲያስሄድ እይዘዋለሁ፤ ጨርቁ ላይ የቀዳዳ መስመር ብቻ ይቀራል። ምን እየሰፋህ ነው ስለው፣ መንገድ ላይ ነበርኩ ይለኛል። ያዘንኩለትን ያህል ተናድጄበታለሁ።

እንዲህ ሲል አንድ ቀን በገዛ መቀሱ መዳፉን ተረተረው። እጁን በጨርቅ ጠቅልዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ ሰፉለት። ቁስሉ ሲድን ነርሷ ክሩን እየመዘዘች፣ ስፌቱ ሥራውን ስለጨረሰ ከእንግዲህ ይወጣል አለችው። በረንዳው ላይ ተመልሰን ስንቀመጥ መዳፉን ከፍቶ አሳየኝ።

«አየህ ባልቻ» አለኝ፣ «ስፌት ሲጨርስ ይወጣል። ምልክቱ ብቻ ነው የሚቀረው።»

የያዝኩትን ጫማ አጥብቄ ሰፋሁት፤ ጫማው የሴት ልጅ ነጠላ ጫማ ነበር፣ እንደዚያ መጥበቅ የማያስፈልገው።

ዓመቱ ዞረ። ዓረፋ ሲቃረብ እንደ ወትሮው ሥራው በዛ። ከመስቃን እትዬ ባሂራ የምትባል የአብዱልሃፊዝ የቆየች ደንበኛ ጨርቅ ይዛ መጣች። ለልጇ ቀሚስ ልታሰፋ ነው። እሱ የጀመረውን ልብስ እስኪጨርስ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ወሬዋን ቀጠለች፤ ልጄም ይኸው ስፌቷን ጨርሳለች፣ እንግዲህ ሰው መጠበቅ ነው አለች።

አብዱልሃፊዝ ማን ዘንድ ተማረች አላት።

«ምን መማር አመጣው?» ብላ ሳቀች። «የቤቷን ስፌት ነዋ።»

ከዚያ ለልጅ እንደሚነገር አድርጋ ነገረችን። በእነሱ መንደር ልጅቱ ለገዛ ጎጆዋ የሚሆነውን ሌማት፣ ሰፌድ፣ ሙዳይ ራሷ እየሰፋች እናቷ ቤት ግድግዳ ላይ ትሰቅላለች። የመጨረሻው ሲሰቀል ስፌቷን ጨርሳለች ይባላል። ለትዳር ዝግጁ ናት፣ የፈለጋት ይምጣ ማለት ነው። ቃሉን ለዘመድ አዝማድ የምታወራው እናት ናት። ልጅቱ ራሷ ለአንድ ሰው ከላከችው ግን ሌላ ነገር ነው አለች እትዬ ባሂራ፤ እሱ ትልቅ ድፍረት ነው፣ አንተን ነው የምጠብቀው ማለት ነው። የሸምሶ እህት ልጅ ሰልሚያ አምና እንደዚያ ልካ መልስ አጥታለች ይባላል፣ ለማን እንደላከችው እንኳን አልተናገረችም። አሁን ወልቂጤ ሱቅ ያለው ሰው ሽማግሌ ልኮባት አባቷ ለዓረፋ ዋዜማ መልስ ቀጥረዋል።

አብዱልሃፊዝ መዘውሩን ጠባሳ ባለው መዳፉ አቆመው። እኔ እሱን ሳውቀው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ሆኖ አየሁት፤ ዓይኑ በረንዳው ላይ ነበር፣ መንገዱ ላይ ነበር፣ እኔ ላይ ነበር። ጨርቁን ከመርፌው ሥር እንደተያዘ ትቶ ተነሳ።

«ባልቻ፣ ተነስ» አለኝ። «ሽማግሌ የለኝም፤ አንተ ነህ ያለኸኝ።»

ዋዜማው ነገ ነበር። የሸምሶን ጋሪ ይዘን ወጣን። ጉሙ ከእኛ ጋር ወርዶ ከእኛ ጋር ይሄዳል። የእንሰቱ ቅጠል ከግራም ከቀኝም እየተንጠባጠበ ብቅ ይልና ይጠፋል፤ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ብቻ በነጩ መሐል ይቀላል። ጋሪው የሚሄድ አይመስልም፣ አገሩ ነው ወደ እኛ የሚመጣው። መንደሩ ሲቃረብ ሸምሶ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ቃሏን ያደረስኩልህ ቀን መልስ ትሰጠኝ እንደሆን ብዬ ቆሜልህ ነበር አለው። አብዱልሃፊዝ አንገቱን ደፋ። እኔም ያን ቀን ዝናብ የሚጠብቅ የመሰለኝን ሰው ጀርባ አየሁ።

አባቷ በክብር ተቀበሉን። እኔ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳላውቅ፣ አብዱልሃፊዝ አስቀድሞ ከልጅዎ አንድ ነገር እንድጠይቃት ይፍቀዱልኝ አላቸው። ሰውየው እኔን አዩኝ፣ ሸምሶን አዩት፣ ከዚያ ፈረሱን እንዲፈታ ላግዘው ብለው ወጡ። እናትየው ከመጋረጃው ወዲያ ሳል አሰሙን፤ መኖራቸውን እንድናውቅ ነው። ሰልሚያ ገብታ አሰላሙ ዓለይኩም አለችና በሩ አጠገብ ቆመች። ከስታለች።

«የላክሽውን ቃል አልሰማሁትም» አላት። «ማለቴ፣ ሰምቼው አልገባኝም። ስፌት ተምረሽ የጨረስሽ መስሎኝ ነው። እኔ ዘንድ የጨረሰ ይሄዳል።»

ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ቁጣ ፊቷ ላይ ሲመጣም ሲመለስም አየሁት።

«አንተ ለመስቃን ሰው ስፌታችሁ አልቋል ብለህ በአጎቴ ስትልክ ምን ማለትህ ነው?»

ቃሉ የእሷ መንደር ቃል ብቻ መስሎን ነበር ጉም ሰንጥቀን የመጣነው፤ ለካ የገዛ በረንዳችን ቃል ነው።

«ኑና ውሰዱ ማለቴ ነው» አላት አብዱልሃፊዝ።

ያን ጊዜ ነው ግድግዳውን ቀና ብሎ ያየው። ከወለሉ እስከ ጣሪያው ስፌት ነበር፤ ክቡ፣ ሰፊው፣ ትንሹ፣ ሁሉም ከመሐሉ ነጥብ እየዞረ። ቤቱ ደብዘዝ ያለ ስለነበር እየዞሩ መሰለኝ፣ እሱም እንደዚያ ሳይመስለው አልቀረም። አቧራ አልነበረባቸውም።

«አልሸጥሻቸውም» አላት።

«ባለቤት አላቸው» አለች ሰልሚያ። «ዘገየ እንጂ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ሳሉ ቆመ። እኔ ጫማዬን አይ ነበር፤ ሌላ የማየው ቦታ ስላጣሁ ነው።

አባቷ ለእኛ እሺ ብለውን፣ የወልቂጤው ሰው ሽማግሌዎች በማግስቱ በጨዋ ደንብ ተሸኙ። ዛሬ አግዳሚው ወንበር የለም፤ በቦታው ሁለተኛ የስፌት መኪና ቆሟል፣ ሰልሚያ ትሰፋበታለች፣ ድመቷም እኔ ላይ ተተክላለች። ስፌት ምን እንደሆነ አሁን ሦስት ሆነን ነው የምንጨቃጨቀው። ሞባይሉም ገብቶ አብዱልሃፊዝ ለደንበኛ ራሱ ይደውላል፤ ስፌታችሁ አልቋል ይልና ትንሽ ቆይቶ፣ ከመኪናው ወዲያ ወዳለችው ሴት እያየ፣ ኑና ውሰዱ የሚለውን ይጨምርበታል።