ወፍ የሆንኩበት አውጫጭኝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም ገድፌ ተናዝዣለሁ፤ ሰው አምቼ ተናዝዣለሁ፤ ይቺን ግን ይዣት አረጀሁ። አሁን የምናገረው ጽድቅ አምሮኝ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ሰሞን ልቅሶ ቤት አንዱ "በጃንሆይ ጊዜ እኮ ሰው እውነተኛ ነበር" ሲል ሰማሁና ደሜ ፈላ። እኔ ነበርኩበት። እኔን ጠይቁኝ!

ያኔ ኮተቤ ገጠር ነበር። ከካራ በታች አንድ ኩሬ ነበር፤ ኩሬው ውስጥ ደግሞ ኤሊዎች። ሚስተር ኤሪክ የሚባል ፈረንጅ መምህር እነሱን ሊያጠና መጣና አስተርጓሚም ጠባቂም አድርጎ ቀጠረኝ። ኤሊዋን ይይዛትና የቅርፊቷን ጠርዝ በሞረድ ጫር አድርጎ ምልክት ያበጅላታል፤ ከዚያ መልሶ ይለቃታል። በጋ ኩሬው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ዝናብ እንደሚጠብቁ፣ እንቁላላቸውን ዳር ወጥተው አፈር እንደሚያለብሱ ያስረዳኝ እሱ ነው። ሰፈሩ "የኤሊ ባላባት" እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔ ደግሞ እኮራ ነበር፤ ምኑ እንዳኮራኝ እንጃ።

የኩሬውን ዳር የሚያርሰው አበልጄ ገመቹ ነበር፤ ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። መሬቱ የጭቃ ሹሙ ነው፤ ገመቹ ጢሰኛ ነበር። ሚስተር ኤሪክ ስለለመነው ኤሊዎቹ እንቁላል የሚጥሉበትን ዳር ሳያርስ ይተውላቸዋል። ሚስቱ "ለኤሊ ብለህ ልጆችህን ልታስርብ ነው?" ስትለው "እነሱም ወላድ ናቸው፤ ተያቸው" ይላት ነበር። ምሳዬን የምበላው እነሱ ቤት ነው። ይህን የምነግራችሁን ያደረግኩት እንጀራቸውን እየበላሁ ነው።

በዚያ ዓመት ሚስተር ኤሪክ እንቁላል የተቀበረበትን ቦታ በወንፊት ሽቦ ከድኖ ዙሪያውን ድንጋይ አስጫነ። "ሰኔ ሲገባ ግልገሎቹ አፈሩን ፈልፍለው ይወጣሉ። ሽቦውን እንዳታነሳ፤ ከአጠገባቸውም እንዳትርቅ" አለኝ። ሲወጡ ለማየት ስንት ጊዜ እንደጠበቀ አውቃለሁ። እኔ አነሳሁት። አፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁና ጓጓሁ፤ ሽቦውን ገልጬ የአንዷን ጭንቅላት አየሁ። ከዚያ ማካፋት ሲጀምር እንዳለ ትቼው ጠላ ቤት ገባሁ። አንድ ጣሳ ብዬ የገባሁ ሰው ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጥኩ።

ስመለስ ቁራዎች ናቸው የተቀበሉኝ። የእንጦጦን ቁራ የማያውቅ ማን አለ? ያ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ምንቃረ ወፍራሙ! የቀረችውን ግልገል ከነነፍሷ አንጠልጥሎ ባሕር ዛፍ ላይ ሲወጣ በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

ሽቦውን ገደል ወረወርኩት። ሚስተር ኤሪክ ሲመጣ "ሰው ሰረቃቸው" አልኩት። ለምን? ቢቆጣኝ ምን ይመጣ ነበር? ቢያባርረኝስ? ስድብ የፈራሁ ሰው ለኃጢአት ግን ደፋር ነበርኩ። ፈረንጁ ማንንም አልከሰሰም፤ አንገቱን ደፍቶ አፈሩን በእጁ ሲያገላብጥ ዋለ። እኔ ነኝ ጠላ ቤት ገብቼ "ሌባ መጣ" እያልኩ ያወራሁት። ወሬው ጭቃ ሹሙ ዘንድ ሲደርስ የመንግሥት እንግዳ ተሰረቀ ብሎ አውጫጭኝ ጠራ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። አውጫጭኝ ሲጠራ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ይቀመጣል፤ ወደ ቤት የለ፣ ወደ እርሻ የለ። ያየ ሰው ለሽማግሌዎቹ በጆሯቸው ያንሾካሹካል፤ ስሙ አይነገርም። እሱ "ወፍ" ይባላል። ሰኔ ነው እንግዲህ! በሬው ቆሟል፣ ዘሩ በጆንያ ነው፣ መሬቱ ርሷል። "ለኤሊ? ለኤሊ ብሎ አውጫጭኝ?" እያለ ገበሬው ሁሉ ይንጨረጨራል። ገመቹም መሃላቸው ተቀምጦ ሰማይ ሰማይ ያያል።

የዚያን ጊዜ ተነስቼ "እኔ ነኝ" ብል ሁሉም ወደ ዘሩ ይሄድ ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ። ወደ ሽማግሌው ተጠጋሁና "ገመቹ" አልኩ። ሌላ ስም ጠፍቶኝ ነው? አይደለም። እርሻው እዚያው ስለሆነ ያምኑኛል ብዬ ነው። አስቤበት ነው። ገመቹ አልኩ፤ አበልጄን፣ ያጎረሰኝን።

ሽማግሌው ቆሙና "ወፍ ተናግሯል" አሉ። ሚስተር ኤሪክ ይህን ሁሉ ሕዝብ በእሱ ሰበብ መያዛቸውን ሰምቶ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ የደረሰው ያኔ ነው። በዚያ በሚሰባብረው አማርኛው "ወፍ? የትኛው ወፍ? ቁራ ነው?" አለ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ተርቦ የተቀመጠው ሰው እንባው እስኪወጣ ሳቀ፤ ገመቹ ራሱ ሳቀ። ፈረንጁ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። እኮ አዎ፣ ቁራ ነው! ሳያውቀው እውነቱን ይዞ መጥቷል፤ ከእኔ የሚፈለገው "አዎ" ማለት ብቻ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። ከዚያ "እዚህ አገር ወፍ ማለት ጠቋሚ ሰው ነው" ብዬ አስተረጎምኩለት። ትክክለኛ ትርጉም ነው፤ ከዚያ የከፋ ውሸት ግን ዋሽቼ አላውቅም።

ሳቁ ሲበርድ ሽማግሌው የገመቹን ስም ጠሩ። ገመቹ "ጃንሆይ ይሙቱ አልነካሁም" ብሎ ማለ። ማን ሰምቶት? ጭቃ ሹሙ መሬቱን ለሌላ ሊሰጥ ሲያቆበቁብ የኖረ ነውና ሰበብ አገኘ፤ ዘሩን እንኳ ሳይዘራ አስለቀቀው። ቀጥሎ ኩሬውን አጠንፍፎ ባሕር ዛፍ ተከለበት። ምልክት የተደረገባቸው ኤሊዎች ጭቃው ሲደርቅ የት እንደገቡ አልጠየቅሁም።

ገመቹ ሲሄድ ዕቃውን በአህያ ጭኖ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ በደጄ አለፈ። ቆም አለና "አበልጄ፣ አንተ ቋንቋውን ታውቃለህ" አለኝ። "ፈረንጁን 'ገመቹ አልነካቸውም' በልልኝ። አገሩ ያለውን ይበል፤ እሱ ግን ሌባ እንዳለኝ አይሂድ።"

"እሺ" አልኩት። የክርስትና ልጄንም ስሜ መረቅሁት፤ በዚሁ አፌ።

ዘመኑ ነው አትበሉልኝ። ድንቁርና ነው፣ ሹሙ ነው፣ ጠላው ነው አትበሉልኝ። እኔ ነኝ። ይቅርታም ከእናንተ አልለምንም፤ ባለቤቱ ገመቹ ነው፣ እሱን ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ፈልጌው አላውቅም።

ሚስተር ኤሪክ ክረምቱ ሳይወጣ ወደ አገሩ ሄደ። ሻንጣውን መኪና ላይ ስጭንለት ክንዴን ያዘና "እውነት ግን ገመቹ ነው?" አለኝ። ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም።

"አዎ፣ እሱ ነው" አልኩት።