ሾርባ በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ

ናዛሬኖ ቡጌያ የማልታ ሰው ነው። በእንግሊዝ የጦር መርከብ፣ በመኮንኖች ምግብ ቤት አሥራ አራት ዓመት አስተናግዷል። ለአስተናጋጅ ክልክል ነበርና በዚያ ሁሉ ዘመን ከመኮንኖቹ ወንበር በአንዱ እንኳ ተቀምጦ አያውቅም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሦስተኛ ዓመት፣ አውሮፕላኖች ከንጋት ጀምረው መርከቧን ሲደበድቧት የመኮንኖቹ ረጅም የምግብ ጠረጴዛ የቀዶ ሕክምና አልጋ ሆነ። ሐኪሙ ፔንሮዝ ሲቆርጥና ሲሰፋ ናዛሬኖ መብራት ያዘለት። ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ ሰው ተጋደመ፤ ሦስቱ አልተነሡም።

ከሰዓት በኋላ ድብደባው ጋብ ሲል ናዛሬኖ ጠረጴዛውን በፈላ ውሃ ደጋግሞ ፈተገው፤ ነጭ ጨርቅ አለበሰውና ሾርባ አቀረበ። መኮንኖቹ ግን መቅረብ አቃታቸው። ሳህናቸውን እንደያዙ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

ሐኪሙ ብቻ መጥቶ ተቀመጠ።

"ናዛሬኖ፣ ቁጭ በል እስቲ።"

"ኧረ ጌታዬ! እኔ እዚህ?"

"ብቻዬን አታስበላኝ፣ እባክህ።"

"ደንቡስ ጌታዬ?"

"ደንቡም ዛሬ ደክሞታል።"

ናዛሬኖ ተቀመጠ። ሁለቱም ሾርባቸውን መጠጣት ያዙ። ጥቂት ቆይቶ የመድፍ ክፍሉ መኮንን ከግድግዳው ተላቆ መጣና ከናዛሬኖ አጠገብ ወንበር ሳበ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት።

ሲጨርሱ ናዛሬኖ ሊነሣ ሲል ሐኪሙ ቀደመው። የዚያን ቀን ሳህኖቹን የሰበሰበው ሐኪሙ ነበር።