የባላምባራስን ሰዓት ሰንሰለት የሠራው ቀጥቃጭ

ይሄን ታሪክ ከሰማሁ ጀምሮ አፌን ይበላኛል፤ ለእናንተ ካልነገርኩ አይለቀኝም።

እኔ ደብረ ብርሃን ሞተር ብስክሌት እጠግናለሁ። ሰሞኑን ጋሽ ወልደጻድቅ የሚባሉ የጎረቤላ ሰው አሮጌ ሞተራቸውን እየገፉ መጡ። ሞተሩ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ስከፍተው የውስጥ ካቴናው ላልቶ ከጥርሱ ላይ ይዘላል።

«የተበላውን ቀለበት ብቻ ብትቀይርልኝስ?» አሉኝ።

«አይሆንም ጋሼ። አንድ አዲስ ከአሮጌ ጋር ከገባ ይዘልና ሞተሩን ይጨርሰዋል። ሙሉውን ነው የሚቀየረው።»

«ቅድመ አያቴም እንዲሁ ብሎ ነበር» አሉ። ከዚያ እኔ እየፈታሁ እሳቸው አወሩልኝ።

ቅድመ አያታቸው ተክለጊዮርጊስ ይባላል፤ አንኮበር አጠገብ የሚኖር ቀጥቃጭ ነበር። ጊዜው ሩቅ ነው፤ ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ሊገባ ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀረው። ማረሻ ይሠራል፣ ማጭድ ይሠራል፣ ልጓም ይሠራል። አገሩ ሁሉ በሱ ማረሻ ያርሳል፤ እሱ ግን የሚያርሳት መሬት የለችውም። ቀጥቃጭ ርስት የለውማ። ቡዳ ነው፣ ሰው በዓይኑ ይበላል ይሉታል። ጎጆው የተተከለው በሰው መሬት ላይ ነው፤ ተነስ ሲሉት ይነሳል። ተነስ ተብሎም ያውቃል፣ ጣራውን ተሸክሞ።

የአካባቢው ጌታ ባላምባራስ ወልደአረጋይ፣ ዓብዱ ከሚባል የዓሊዩ አምባ ነጋዴ የፈረንጅ የግድግዳ ሰዓት ገዙ። በቁልፍ አይሞላም፤ አንድ ክብደት በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ሲወርድ ጥርሱን ያዞረዋል። ግን አሮጌ ነው፣ ሰንሰለቱ ተበልቷል። አንድ ቀን ቤቱ እንግዳ ሞልቶ ሳለ ሰንሰለቱ ለቀቀና ክብደቱ ወርዶ የጠጅ ገንቦ ሰበረ። አንድ ቄስ ከመቀመጫቸው ተነስተው አማተቡ። ባላምባራስ በጣም አፈሩ።

ተክለጊዮርጊስን አስጠሩትና በእንግዶቹ ፊት፣ «ይሄን ካስኬድክልኝ ከወንዙ በላይ ያለችውን መሬት ላንተና ለልጆችህ እሰጣለሁ» አሉት።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለዘርፈሽዋል ነገራት።

«ጠጅ ላይ የተባለ ነገር ሲነጋ ይረሳል» አለችው።

«በሽማግሌ ፊት ነው ያሉት እኮ።»

«ሽማግሌዎቹስ ውኃ ነበር የሚጠጡት?»

እሱ ግን ሥራውን ጀመረ። ቤት አላስገቡትም፤ ሰዓቱን አውጥተው ከአጥሩ ውጭ ቁርበት ላይ አስቀመጡለት። ባላምባራስ እየመጡ ይጨቀጭቁታል።

«የተበላውን ቀይረህ አትጨርስም? ምን ያንፏቅቅሃል?»

«ጌታዬ፣ ጥርሱ አዲሱን ሲይዝ አሮጌውን ይስታል። ቀለበቶቹ ሁሉ ባንድ ቀን የተወለዱ መሆን አለባቸው።»

ከዓብዱ ቀጭን የብረት ሽቦ አስመጣ። ሽቦውን ወስፌ ላይ ይጠቀልላል፣ ይቆርጣል፣ አፉን ይገጥማል፣ ጥርሱ ላይ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ሰንሰለት ሰፋ፤ ጣለው። እኔ ዛሬ ዕቃ ከሱቅ አምጥቼ ስገጥም ደክሞኛል እላለሁ፤ ሰውዬው እያንዳንዷን ቀለበት በመዶሻ ነው የወለዳት። ፍልሰታ ገብቶ ሲወጣ እሱ እዚያው ዝናብ ላይ ነው።

ሲያልቅ ሰዓቱ ግድግዳ ላይ መሰቀል አለበት፤ ስለዚህ የግድ ቤት ገባ። የባላምባራስ ሚስት ወይዘሮ እናናየሁ ልጆቻቸውን ጓዳ ዘጉባቸው። ትንሹ ወንድ ልጃቸው ግን ሾልኮ ወጥቶ ሰዓቱ ሥር ቆመ።

«ውስጡ ማነው የሚያንኳኳው?» አለው ተክለጊዮርጊስን።

«ማንም የለም። ያ ክብደት ሲወርድ ጥርሱን ይጎትተዋል፣ እሱ ነው።»

«መሬት ሲደርስስ ይሞታል?»

«ሰንሰለቱን ስበህ መልሰህ ትሰቅለዋለህ።»

«እንዲያ ከሆነ የሰነፍ ቤት ብቻ ነው የሚሞተው።»

ተክለጊዮርጊስ ሳቀ። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ሥራው የጠየቀው ሰው አልነበረማ። «ይሄስ ብልህ ልጅ ነው» አለ።

በቃ፣ ጥፋቱ ይቺ ናት። የሌላ ሰው ልጅ ያመሰገነ እንትፍ ካላለበት ማንም ይሁን ማን ደግ አይደለም፤ ቀጥቃጭ ሲሆን ደግሞ አስቡት። እናትየው በር ላይ ቆመው ሰምተዋል።

ሳምንት ሳይሞላ ልጁ በትኩሳት ወደቀ። በጭስ አጠኑት፣ «ማን በላህ?» እያሉ ጠየቁት። እሱም እየቃዠ «ሰዓቱ፣ ሰዓቱ» አለ። ሌላ ማስረጃ አልፈለጉም። የበላው መጥቶ ይትፋበት ተባለ፤ ቡዳ የበላውን ሰው ራሱ ሲተፋበት ይለቀዋል ይላሉ።

መልክተኛው ደጅ ቆሞ ሳለ ዘርፈሽዋል ባሏን ያዘችው። «ከተፋህ በላሁት ማለትህ ነው፤ መሬቷን እርሳት። ካልተፋህና ልጁ ከሞተ ደግሞ አንተንም ይገድሉሃል።»

«አልተፋም» ብሎ ወጣ። በታቦት ሊምል ነበር ሐሳቡ።

ሲደርስ ወይዘሮ እናናየሁ እግሩ ላይ ወደቁ። የጌታው ሚስት፣ ቀጥቃጭ እግር ላይ።

«ወንድሜ፣ አንዴ እንትፍ በልበት።»

«እሜቴ፣ እኔ አልበላሁትም።»

«እሺ አልበላኸውም። ግን ትፋበት። መሬቱን እኔው አሰጥሃለሁ፣ በልጄ ይዤሃለሁ።»

ልጁን አየው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ተንበረከከና ግንባሩ ላይ እንትፍ አለ።

ልጁ ዳነ። ወባ ይሁን ምን እንጃ፣ ብቻ ላብ ወጣውና ዳነ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ተክለጊዮርጊስ መሬቱን ሊጠይቅ ሄደ። ባላምባራስ ከበር አላሳለፉትም።

«ልጄን በልተህ ተፋኸው። ከአገሬ ያላባረርኩህ ለሰዓቱ ስል ነው።»

«እሜቴ ቃል ገብተውልኛል፣ ጌታዬ።»

ወይዘሮ እናናየሁ እዚያው ተቀምጠዋል። አንገታቸውን ደፍተው የቀሚሳቸውን ጥለት ይነካካሉ።

«ሰንሰለቱ ሲላላ እልክብሃለሁ» አሉት ባላምባራስ። መሬቷ ለአንድ ዘበኛ ተሰጠች።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ፤ ዘርፈሽዋል በረሃብ ሞተች። ጋሽ ወልደጻድቅ እዚህ ላይ ሥራዬን አስቆሙኝና «መሬት የነበራቸውም ሞተዋል፤ አልዋሽህም» አሉ። «ግን እነሱ የሞቱት በመሬታቸው ላይ ነው። እሷን የት እንቅበራት ተብሎ ክርክር ተነሳ።»

ልጁስ አልኳቸው፤ ያ ብልሁ።

ልጁ አደገ፣ በቅሎ የሚቀመጥ ጎረምሳ ሆነ። የአንኮበርን ዳገት ሲወጣ ከተክለጊዮርጊስ ጋር ተገናኙ። ሽማግሌው ፊቱ በራ፤ ሊያናግረው አፉን ከፈተ። ልጁ ኩታውን አፍና አፍንጫው ላይ ጣል አድርጎ በቅሎዋን ኮለኮላት። ተክለጊዮርጊስም ወደ ገደሉ ጠርዝ ወጣ ብሎ መንገድ ለቀቀለት።

እኔ ይሄን ስሰማ ካቴናው እጄ ላይ እንዳለ ቀርቻለሁ፣ እውነቴን ነው። በእናንተስ ዘር እጁ እየተፈለገ እሱ ያልተፈለገ ሰው የለም? ማን ይባል ነበር፣ ምንስ ሠርቶላቸው ነበር?